ከጋን ጢስ እስከ ብረት ካታሊስት፤ ኦክስጅንን ከዕፅዋት ውህዶች የማውጣት ታሪክ

(በመካነ ኢየሱስ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



በአገራችን የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። እኔም ለእናቴ የወይራ ፍልጥ ሳቀርብ ያደግሁ ነኝ፤ የዚያን ሽታ ምንነት ያወቅሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። እንጨት ሲጨስ ሊግኒን የተባለው የግንዱ ማጣበቂያ ይሰባበራል። ከስባሪዎቹ አንዱ ጓያኮል ይባላል፤ ጢስን ጢስ ጢስ የሚያሰኘው በአብዛኛው እርሱና ዘመዶቹ ናቸው። ስድስት ካርቦኖች በቀለበት ተያይዘው በላያቸው ሁለት ኦክስጅኖች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሃይድሮጅን፣ ሌላው ሜቲል አንጠልጥሏል። የዛሬው ንግግሬ እነዚያን ኦክስጅኖች ለማውጣት ስለተደከመው ድካም ነው።

ለምን ይወጣሉ? እንጨት አየር በሌለበት በፍጥነት ሲሞቅ ከሚገኘው ጥቁር ዘይት ክብደት ከ35 እስከ 40 በመቶው ኦክስጅን ነው። በዚህም ምክንያት ከነዳጅ ጋር አይዋሐድም፣ ሲቀመጥ ይወፍራል፣ ብረት ይበላል፤ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀትም በክብደት ሲለካ የናፍጣን ግማሽ አይሞላም።

ኦክስጅንን ማውጣት ለእኛ እንግዳ ሥራ አልነበረም። ጠይቡ የብረት አፈርን ከከሰል ጋር በምድጃ ጨምሮ በወናፍ ሲነፋ ከሰሉ ከማሞቅ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ከእርሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ሰው ቡዳ እየተባለ ይገለል ነበር። ከዚህ ብዙ በማይርቀው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን አስቀለጡ፤ የመድፉ ታሪክ ተጻፈ። የጠይቡ ኬሚስትሪ ግን በብዙው ሳይጻፍ ቀረ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት እቆጥረዋለሁ።

በፈረንሳይ ፖል ሳባቲየና ባልደረባው ሳንደረንስ እ.ኤ.አ. በ1897 በደቀቀ ኒኬል ላይ ሃይድሮጅንን ከኤቲሊን ጋር አዋሐዱ፤ ሳባቲየ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን እንዲህ ያለውን ነገር ኬሚስቶች ካታሊስት ይሉታል። ፊኖልን በኒኬል ላይ ሲያሳልፉት ግን ቀለበቱ በሃይድሮጅን ሞላ እንጂ ኦክስጅኑ ከቦታው አልተነሣም። በ1938 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ሃሪስ፣ ዲያኒና አድኪንስ ራሱን ሊግኒንን በመዳብና በክሮሚየም ካታሊስት ሰባበሩት፤ ያገኙት ግን አልኮሎችን ነበር፤ ኦክስጅኑ ያው አለ። ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ተመራማሪዎች ድኝን ከነዳጅ ለማውጣት የተሠራውን የኮባልትና የሞሊብዲነም ካታሊስት ለእንጨት ዘይት ሞከሩት። ሠራ፤ ነገር ግን ድኝ የለመደ ካታሊስት ድኝ በሌለበት ዘይት ውስጥ ይደክማል፣ የሚወጣው ውሃም ይጎዳዋል፣ ጥላሸት መሰል ካርቦንም ይሸፍነዋል።

ዋናው ችግር ያለው ከትስስሩ ነው። በጓያኮል ሜቲሉን ከኦክስጅን መለየት ቀላል ነው። ኦክስጅኑን ከቀለበቱ መለየት ግን ከባድ ነው፤ ቀለበቱ ኤሌክትሮኖቹን እያካፈለ አጥብቆ ይይዘዋል። ፕላቲነምና ፓላዲየም ሲላኩበት አቋራጭ ይፈልጋሉ፤ ቀለበቱን በሃይድሮጅን አጥግበው ያላሉታል። በዚህ መንገድ ኦክስጅኑ ሊወጣ ይችላል፤ ውዱ ሃይድሮጅን ግን ያለ ልክ ይባክናል፣ አሮማቲኩም አሮማቲክነቱን ያጣል። ስለዚህ የተፈለገው ኦክስጅንን የሚወድ፣ ቀለበቱን ግን የማይነካ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ያሳየው በምን ይመስላችኋል? በተራው ብረት! በሲሊካ ላይ የተበተነ ብረት ጓያኮልን ወደ ቤንዝንና ቶልዊን ለወጠው፤ ቀለበቱም ሳይሞላ ቀረ። (ቤንዝን ከመኪናው ቤንዚን ጋር እንዳይምታታባችሁ።) በጠይቡ ምድጃ የዛፍ ከሰል ኦክስጅንን ከብረት ነጠቀ፤ በዚህኛው ብረት ኦክስጅንን ከዛፍ ውህድ ነጠቀ።

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ የእስቴ ባሕር ዛፍ ነገ ናፍጣ የሚሆን ይመስላቸዋል። አልሸነግላችሁም። ሥራው ብዙ ሃይድሮጅን ይጠይቃል፤ ዛሬ በዓለም ላይ ሃይድሮጅን በአብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ እኛ ደግሞ ነዳጁን ከውጭ እንገዛለን። ባሕር ዛፉም የእህል መሬት እየተሻማ ነው። ፋብሪካ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ካታሊስቱ አይደለም፤ እንጨቱ ከየት ይመጣል ብዬ ነው። በየደብሩ የቀሩት ጥድና ወይራም ሊግኒን አላቸውና።

ይህን እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል፤ ከወናፍ ጋር የሠሩ አባቶች በአዳራሹ ካሉ ከእነርሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።