የቺንጋው ውጥረት በማን እጅ ነበር?

ኤሌክትሪክ ለእያንዳንዱ መኪና የራሱን ሞተር ከመስጠቱ በፊት፣ የአንድ ወርክሾፕ ቶርኖዎችና መሰርሰሪያዎች ሁሉ ጉልበት የሚያገኙት በጣሪያው ሥር ከሚሽከረከር አንድ ረዥም ዘንግ ነበር። ጉልበቱን ወደ መኪናው የሚያወርደው የሙያው ሰዎች ቺንጋ የሚሉት የቆዳ ቀበቶ ነው፤ በሬ ከሞተ በኋላም ከጉልበት ሥራ አልተሰናበተም። በአሜሪካ፣ በሎዌል ከተማ፣ ፖል ሙዲ በጥርሳም ማርሽ ፈንታ የፋብሪካውን ዋና ዘንግ በቺንጋ ያዞረው እ.ኤ.አ. በ1828 ነበር።

ቆዳ ግን ይለጠጣል። የላላ ቺንጋ በመዘውሩ ላይ ይንሸራተታል፤ ቶርኖውም ብረት መቁረጥ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ወዛደሩ ቺንጋውን አውርዶ ትርፉን ይቆርጣል፤ ሁለቱ ጫፎች ሲደራረቡ ውፍረታቸው ከቀሪው እንዳይበልጥ እያሳሳ ይፍቃቸውና በሙጫ ያጣብቃቸዋል፤ አለዚያም በወስፌ በስቶ በጠፍር ይሰፋቸዋል። መስቀለኛው ስፌት ወደ ውጭ፣ ቀጥተኛው ወደ መዘውሩ መዋል አለበት፤ ከተገለበጠ ጠፍሩ ቶሎ ተፍቆ ያልቃል። ምን ያህል መወጠር እንዳለበት የሚያውቀው መዳፉ ነበር።

ፍሬድሪክ ቴይለር በፊላደልፊያው የሚድቬል ብረታ ብረት ፋብሪካ በቺንጋዎች ላይ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ሙከራ አካሂዶ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1893 ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ውጥረቱ በሚዛን ይለካ፣ በየተወሰነው ጊዜም ይጥበቅ አለ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ በሥራ መካከል የሚበጠስ ቺንጋ ወዛደሩንም አይጠቅምም። ነገር ግን ያው ቴይለር የወርክሾፑን ቁጥጥር ከብዙኃኑ ሠራተኞች እጅ አውጥቶ ለአስተዳደሩ ማስረከብ ዓላማው መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1906 በግልጽ ተናገረ። በእርሱ ሥርዓት ቺንጋ ማጥበቅ ለዚሁ የተመደበ ሰው ሥራ ሆነ፤ ባለቶርኖው ቺንጋው ሲንሸራተት በጆሮው እየሰማ እንኳ፣ ወስፌውና ጠፍሩ ከእጁ ወጥተው ነበር።