ቀዳማይ ወያነ፦ የሚታወስ ማን ነው?

በመቀሌ የሚገኘው የቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ የተሰየመው በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ዐመፅ ነው። ዐመፁን ለማፈን የኢትዮጵያ መንግሥት ብሪታንያን አግዢኝ አለ፤ ከኤደን የተነሡ አውሮፕላኖቿም መቀሌን በቦምብ ደበደቡ፤ ሰላማዊ ሰዎችም ሞቱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን የዚያችው አገር ጦር ጣሊያንን ለማስወጣት ከአርበኞች ጎን ተሰልፎ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ከወደቁት የኮመንዌልዝ ወታደሮች ከፊሎቹ በአዲስ አበባ የጦር መቃብር ዐርፈዋል፤ የመቃብር ድንጋያቸው በማዕርግ አይበላለጥም።

የቆየ ቁስል መንካት ወዳጅነትን ያሻክራል የሚል ይኖራል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ብሪታንያ አጋርም ደብዳቢም ነበረች፤ አንዱን ብቻ ማስታወስ ታሪክን ያጎድላል። ለወታደር የተሰጠው ክብር በገበያና በቤቱ ለሞተው ሰላማዊ ሰውም ሲደርስ የአገሮች ዝምድና በእውነት ላይ ይቆማል።