ስለ ተራ ቍጥር ስሞች ታሪክ፤ ዘፍጥረት 1፥5

ሙሴ የኋለኞቹን ዕለታት ሁለተኛ፥ ሦስተኛ እያለ ሲቈጥር የመጀመሪያዪቱን ግን በዕብራይስጥ ኤሐድ፥ አንድ ይላታል፤ ሰባው ሊቃናትም በጽርእ ሚያ ብለው መለሱት። ስለ ምን ፊተኛ አላላትም ቢሉ፤ ፊተኛ መባል ኋለኛ ሲኖር ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ዕለት አልነበረምና። እሑድ ከአሐዱ ወጥቶ ይህንኑ ጠብቋል፤ ሰኑይ፥ ሠሉስ፥ ረቡዕ፥ ኀሙስም ከቍጥር ናቸው። ቀዳሚት መባል ግን ከእሑድ ሰንበት አስቀድማ ሰንበት ስለ ሆነች ነው እንጂ፥ በቍጥርስ ሰባተኛ ናት፤ ይህን ያልለየ አንባቢ የፊተኛዪቱን ሥራ ለዕረፍቲቱ ቀን ይሰጣል። የጋይንት ተማሪ ለድጓ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ ዙር አባ ሳይወርድ ነገሩን በፊደል አግኝቶታል፤ የፊተኛው ተራ ግዕዝ ይባላል እንጂ ቀዳማይ አይባልም፤ ቍጥሩ የሚነሣው ከካዕብ ነው፤ ካዕብም ከዐበ፥ ደገመ፥ ዐጠፈ ካለው ይወጣል።