የጽናው ዕጣን ከየትኛው ዛፍ ነው?

ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በተነሣ ቁጥር የሚተረከው ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ጻድቁ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ደሴቲቱ መጥተው ትምህርት አስፋፉ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው ዘንድ ተማሩ፣ በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደረሰ። ይህን ብዙዎች ጽፈውታል። በገዳሙ ስለሚታጠነው ዕጣን ግን የጻፈ ጥቂት ነው።

የነጭ ዕጣን ዛፍ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ ቆላ ይወዳል። በአማራ ክልል በመተማ፣ በቋራና በአበርገሌ ይገኛል፤ ከሐይቅ ዳር ግን አይበቅልም። ስለዚህ ሙጫው ወደ ሐይቅ የሚደርሰው በነጋዴ እጅ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ዕጣንን የሚጠራው በመጣበት አገር ነው፦ የትግራይ፣ የኦጋዴን፣ የቦረና። አውሮፓውያን ነጋዴዎችም የኤደን፣ የኤርትራ ይሉ ነበር። ኬሚስቶችን የትኛው ዕጣን ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ ያከራከራቸው ይኸው የገበያ ስም ነው።

የመዓዛ ዘይትን ለመመርመር ሁነኛው መሣሪያ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው። ጄምስና ማርቲን የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1952 ይፋ አደረጉት። ጠብታ የማትሞላ ዘይት ትሞቅና ትተናለች፤ ሂሊየም ጋዝ እንደ ፀጉር በቀጠነ፣ ብዙ ጊዜ 30 ሜትር በሚረዝም ቱቦ ውስጥ ይነዳታል። እያንዳንዱ ውህድ ከቱቦው ግድግዳ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ስለሚለያይ ተራ በተራ ይወጣል፤ ወረቀቱ ላይም ጉብታ ሆኖ ይታያል። የጉብታው ስፋት መጠኑን ይነግራል፤ የወጣበት ደቂቃና አብሮ የሚገጠመው ማስ ስፔክትሮሜትር ማንነቱን ያስታውቃሉ።

በዚህ መንገድ ከገበያ የተገዛ ዕጣን ተመርምሮ፣ ቦስዌሊያ ካርተሪ የተባለው የሶማሌ ዛፍ ኦክታይል አሲቴት የተባለ ውህድ የበዛበት ዘይት ይሰጣል ተብሎ የተጻፈበት ጊዜ ነበር። ሌሎች ደግሞ የዚሁ ዛፍ ዘይት አልፋ ፓይኒን የሚበዛበት ነው አሉ። አንድ ዛፍ ሁለት ጠባይ ያለው መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1999 አማን ደከቦ፣ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ባልደረባቸው በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ያወጡት ጥናት ከሱቁ ሳይሆን ከዛፉ ተነሣ። የእኛው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ዕጣን ዘይት ከግማሽ በላዩ ኦክታይል አሲቴት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በሶማሌው ዛፍ ስም የተመዘገበው ዘይት የፓፒሪፌራ ዕጣን ነበር ማለት ከሁሉ ይበልጥ ያስኬዳል። ስሙን የለወጠው መርከቡና ወደቡ ነው። ለአገራችን ዛፍ የተመለሰለት ይህ ክብር ትልቅ ነገር ነው፤ በሰፊው አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

ዕጣንን በኦክታይል አሲቴት መለየት ግን ለጥንቱ ዘመን ብዙም አይረዳም። ኦክታይል አሲቴት በኖ ያልቃል፤ የሚቀረው ከባዱ ቦስዌሊክ አሲድ ነው፤ እሱም እንዲተን አስቀድሞ በኬሚካል መለወጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪው ኤቨርሼድና ባልደረቦቹ በኑቢያ፣ ቃስር ኢብሪም ከተባለ ስፍራ የተገኘን የ1,500 ዓመት ገደማ ሙጫ መርምረው ዕጣን መሆኑን በኔቸር መጽሔት አስታወቁ። ዘመኑ የአክሱም ዘመን ነው፤ ከዚህ አልፎ ጭነቱ ከየትኛው አገር እንደመጣ መናገር የአሲዱ ሥራ አይደለም።

ዛሬ የሚያሳስበው ዛፉ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ከታዩት የፓፒሪፌራ ደኖች ከሦስት አራተኛው በላይ ወጣት ዛፍ እንደሌላቸው አሳይቷል፤ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስም ገምቷል። ችግኙን ከብትና እሳት ይጨርሱታል፤ ያለ ልክ የሚፋቀው ግንድም አይቆይም። የመተማና የአበርገሌ ገበሬ ደኑን ከልሎ ችግኝ የሚያሳድገው ከዕጣኑ የሚያገኘው ገንዘብ ሲያዋጣው ነው፤ ለዚህም ጆንያው ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ በላቦራቶሪ ውጤት ተረጋግጦ መሸጥ ይኖርበታል። መሣሪያው በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አለ።