ጥቁሩ ስክሪን ከየት መጣ?

ሊኑክስ ላይ ኩዳን ጭኖ ኮምፒውተሩን ዳግም ሲያስነሳ ጥቁር ስክሪን የጠበቀው ሰው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የቆየ ጠብ ነው።

ኤንቪዲያ ኩዳን በፈረንጆቹ 2007 ሲያወጣ የድራይቨሩን ኮድ እንደቆለፈ ነበር። ሊኑክስ ደግሞ ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር ሞጁሉ ለአዲሱ ከርነል እንደገና እንዲገነባ ይፈልጋል። በጎ ፈቃደኞች የካርዱን አሠራር ከውጭ እያጠኑ ኑቮ የተባለ ነጻ ድራይቨር ሠሩ። ሁለቱ ግን አንድ ካርድ ላይ አብረው አያድሩም፤ ኑቮ ካልታገደ የኤንቪዲያው አይሠራም።

በ2012 ሊኑስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ፣ አልቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ካሜራ ፊት ለኩባንያው የመሃል ጣቱን አሳየ። (ነውር ነው፤ የብዙ ፕሮግራመር አንጀት ግን ራሰ።) ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ የከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። እሱም ለቱሪንግና ከዚያ ወዲህ ለመጡ ካርዶች ብቻ። ኩዳ ራሱ ዛሬም ዝግ ነው።