በሐዋሳ ከተማ መጻሕፍትን ይዞ ስለ ዞረው የአህያ ጋሪ

የሕንደኬ ንግሥት ጃንደረባ የነበረው ኢትዮጵያዊ ከኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ፥ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ተጽፎአል። ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያልሰማ ሰው የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለበት፤ ይኸውም ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሮጦ በቀረበ ጊዜ የሚነበበውን ቃል በጆሮው መስማቱ ነው። ጃንደረባው በልቡ ብቻ አንብቦ ቢሆን ኖሮ፥ ፊልጶስ የመጽሐፉን ስም ባላወቀ፥ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነም ባልጠየቀው ነበር። የጥንት ሰው ድምፁን እያሰማ ያነብ ነበርና መጽሐፍ የያዡ ብቻ አልነበረም፤ በመንገድ የሚያልፈውም ይካፈለው ነበር።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፥ በ2005 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሐዋሳ ከተማ ሌላ ሠረገላ መጻሕፍትን ይዞ በመንገድ ላይ ታየ። ይህኛውን የሚስበው ግን የንግሥት ባለሟል የሚቀመጥበት ፈረስ ሳይሆን አህያ ነበር፤ የሚያነቡትም ሕፃናት ነበሩ።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በታቦር ተራራና በሐይቁ መካከል የተዘረጋች ከተማ ናት። ቦታው ቀድሞ አዳሬ ይባል ነበር። ከተማዪቱ የተቈረቈረችው ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ፥ በ1960 ግድም ነው፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የጠቅላይ ግዛቱን መቀመጫነት ከይርጋለም ተረከበች፤ ከ2020 ወዲህም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። ስለዚህ ሐዋሳ እንደ ጎንደርና እንደ አክሱም በጥንታዊ ደብሮቿ ዕቃ ቤት የብራና መጻሕፍት ተከማችተው የቈዩላት ከተማ አይደለችም። በዕድሜ ከከተማዪቱ የሚበልጡ ሽማግሎች ዛሬም በውስጧ ይገኛሉ። አህያ ግን በእርስዋም አልጠፋም፤ እህሉን፥ ውሃውን፥ ማገዶውን ተሸክሞ የሚኖር ነውና፥ መጽሐፍ በተጫነበት ጊዜ ሰው ሁሉ መገረሙ አያስደንቅም።

ይህ ነገር ከየት መጣ ቢባል፥ በሀገራችን ንባብ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ይባላል። ሕፃኑ ፊደልን ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ይዞ በቍጥር፥ በግዕዝ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየተመላለሰ ያነበዋል፤ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዛፍ ጥላ ወይም በመምህሩ ጎጆ ደጃፍ፥ በጩኸት ነው፤ ታናሹ ከታላቁ ይሰማል፥ የተሳሳተውንም ጓደኛው ያርመዋል። ልጁ ዳዊት በደገመ ቀን ደግሞ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ጠላ ጠምቀው፥ ዳቦ ጋግረው፥ ጎረቤት ጠርተው መምህሩን ያከብራሉ። ስለዚህ ንባብ በኢትዮጵያ የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አልተጀመረም፤ ድግስ የሚደገስለት የመንደር ጉዳይ ነበረ። በዝምታ ተቀምጦ ገጽ መግለጥ በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

ከንባቡ ይልቅ ብርቅ የነበረው መጽሐፉ ነው። ለአንድ ታላቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየልና የበግ ቆዳ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ጸሐፊው ወራት ሙሉ ይደክማል። እንዲህ በድካም የተገኘውን መጽሐፍ በዕቃ ቤት ቈልፎ መጠበቅ የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ ነገር ግን ጥበቃው መጽሐፉን ከሕዝቡ ዓይን አራቀው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌላውም አገር ብዙ መጻሕፍት ሰበሰቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1868 በሞቱ ጊዜ የእንግሊዝ ሠራዊት የመቅደላን ሀብት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎች ጭኖ ወሰደው፤ ከብራናዎቹም 350 ያህሉ በሎንዶን ወዳለው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የኢትዮጵያ መጻሕፍት በእንስሳ ጀርባ ከተጓዙባቸው ጉዞዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሄዱት ከአንባቢዎቻቸው ርቀው ነበርና።

በኋላ ዘመን ማተሚያ ቤት ገብቶ መጽሐፍ በዛ። በ1944 ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ለመዲናዪቱ ሰው፥ ያውም አስቀድሞ ለተማረው የተከፈተ በር ነበር። በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነገሩ ወደ ገጠር ወረደ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ከእነርሱም አንዱ ሲዳምኛ ነበረ፤ ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። የንባብ ክፍሎችም በየቦታው ተከፈቱ። በዚያን ጊዜ በሲዳማ ምድር ብዙ አባትና እናት በገዛ ቋንቋቸው የታተመ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡ። ከዚህ ዘመቻ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ወደ ኋላ ይነሣል።

የአህያውን ጋሪ ያሰቡት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተወለዱት በነገሌ ቦረና ነው። አባታቸው የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ራሳቸው ማንበብ ባይችሉም ልጃቸው እንዲማር አጥብቀው የሚሹ ሰው ነበሩ። አቶ ዮሐንስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነው፤ እርሱም የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ማለፊያ መጽሐፍ ባይባልም የማንበብን ጣዕም ያወቁት በእርሱ ነው። (ሕፃናት ምን እንዲያነቡ ማድረግ እንደሚገባ ብዙ ክርክር የሚያበዙ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።) በ1981 በደርግ ዘመን ከአገር ተሰደው በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በዚያም የቤተ መጻሕፍትን ሙያ ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ።

በዚያ ክፍል የልዩ ልዩ አገር ልጆች መጻሕፍት በየቋንቋው ተደርድረው ነበር፤ በአማርኛ የተጻፈ ግን አንድም አልተገኘም። ያን ጊዜ አቶ ዮሐንስ በልጅነታቸው በምድጃ ዳር የሰሙትን የማሞ ቂሎን ተረት፥ ማለት እናቱ የሰጠችውን ምክር ያለ ጊዜው እየፈጸመ የሚያስቀውን ሞኝ ልጅ ታሪክ፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጣምረው ጻፉት፤ በ2002ም ታትሞ ወጣ። መጽሐፉ እንዲወጣ ካገዙት ሰዎች አንዷ የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ ወይዘሮ ጄን ከርትዝ ናቸው፤ እርሳቸውም የሚስዮናውያን ልጅ ሆነው በማጂ ያደጉ ናቸው። ሁለቱ ሆነው «ኢትዮጵያ ታንብብ» የሚል ትርጓሜ ያለው የእንግሊዝኛ ስም የተሰጠውን ማኅበር አቋቋሙ። ዓመቱ በገባ በ2003 አቶ ዮሐንስ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው፥ በሚኖሩበት ቤት በሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከሳን ፍራንሲስኮ በስጦታ ያገኙት መጽሐፍ ብዛቱ 15,000 ያህል ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን አንድ ችግር ተገለጠ፤ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣበትን ሰው ብቻ ያገለግላል። እረኛው፥ ውሃ ቀጂዋ፥ ከከተማ ዳር የሚኖረው ልጅ አይመጣም፤ ቢመጣም በሩን ማንኳኳት ያፍራል። በሐዋሳ የሕፃናት ንባብ ቤት ሲከፈት የአህያው ጋሪ አብሮ የታሰበው ስለዚህ ነው። ጋሪው ጎንና ጎኑ መደርደሪያ ነው፤ በቆመበት ቦታ ሲከፈት መጻሕፍቱ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አድርገው ይታያሉ። አግዳሚ ወንበር ይዘረጋል፤ ልጆቹም ይቀመጣሉ። ከፊደል የተዋወቀው ራሱ ያነባል፤ ያልተዋወቀው ሥዕሉን ያያል፤ ታላላቆቹ ለታናናሾቹ ጮኸው ያነቡላቸዋል። የቀድሞው ንባብ ቤት በመምህሩ ጎጆ ደጃፍ ያደርገው የነበረውን ጋሪው በመንገድ ዳር መልሶ አደረገው፤ ምናልባትም ነገሩ ቶሎ የተወደደው ስለዚህ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍት ማለት «ዝም በሉ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አዳራሽ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፥ በሐዋሳ ጋሪ ዙሪያ የነበረውን ጫጫታ ቢያይ ሥርዓት የፈረሰ ይመስለው ነበር።

ማኅበሩ ከዚህ ሌላ የኢትዮጵያ ሕፃናት መጻሕፍት ሳምንት የተባለ በዓል አቋቁሞ፥ ለሕፃናት ለሚጽፉ ደራስያን «ወርቃማ ኩራዝ» የሚባል ሽልማት ይሰጥ ነበር። የሽልማቱ ስም በማስተዋል የተመረጠ ነው። በኩራዝ ጭስ ዓይኑ እየተቃጠለ ሌሊት ያጠና ሰው በየቤቱ አለና ማስረዳት አያሻውም።

በእንስሳ ጀርባ መጻሕፍትን ማዞር የሐዋሳ ብቻ ጥበብ አይደለም። በአሜሪካ በኬንታኪ ተራሮች ከ1935 እስከ 1943 ድረስ ሴቶች በፈረስና በበቅሎ ተቀምጠው ለድኆች መንደሮች መጻሕፍትን ያደርሱ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ በጋሪሳ አውራጃ ከ1996 ጀምሮ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ቤት መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ወደ አርብቶ አደሩ ሰፈር ላከ። በኮሎምቢያም ሉዊስ ሶሪያኖ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ሁለት አህዮችን ጭኖ ከመንደር መንደር ዞረ፤ አንደኛይቱን አልፋ፥ ሁለተኛውን ቤቶ ብሎ ጠራቸውና ሁለቱ ስሞች ሲገናኙ በአገሩ ቋንቋ ፊደል የሚለውን ቃል ሰጡት። እነዚህ ሰዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ ወደ አንድ ሐሳብ መድረሳቸው፥ ችግሩ በየትም አገር አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ነው።

የሐዋሳ ግን አንድ የራስዋ ፈተና ነበራት። በስጦታ ከባሕር ማዶ የመጡት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሥዕላቸው ያማረ፥ ወረቀታቸው የጸና ነው፤ ነገር ግን በረዶ አይቶ ለማያውቅ ልጅ የበረዶ ሰው መሥራትን ይተርካሉ። ይህን መናቅ አይገባም፤ ልጅ የማያውቀውን ዓለም በመጽሐፍ ማየቱ መልካም ነው። ሆኖም የራሱን ቤት፥ የራሱን እናት፥ የሐይቁን ዓሣ አጥማጅና የእንሰቱን ጓሮ አንድም ቀን በመጽሐፍ ውስጥ ያላየ ልጅ፥ መጽሐፍ ስለ ሌሎች ሰዎች ብቻ የሚናገር ዕቃ ይመስለዋል። አማርኛው እየተጨመረ ሄደ። በሐዋሳ ግን ብዙ ልጅ ወደ ዓለም የመጣው ሲዳምኛ እየሰማ ነው።

ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የመሠረተ ትምህርት ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በዘመቻው ጊዜ ሲዳምኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከ1991 በኋላ ግን በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ትምህርት ቤቱም በዚሁ ያስተምራል። ለውጡ የራሱ ምክንያት አለው፤ ለክርክሩም ቦታው ሌላ ነው። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ያመጣው ነገር ይህ ነው፤ በዘመቻው ጊዜ በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማረው አባት የልጁን መጽሐፍ ማንበብ ይቸግረዋል፤ ልጁም የአባቱን ደብተር አንሥቶ ቋንቋው የራሱ እንደ ሆነ አይለይም። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ላይ አብረው ጎንበስ ሊሉ የሚችሉት አንዱ ለሌላው ጮኾ ሲያነብለት ነው። በዚህ ጊዜ ፊደሉ ይረሳል፤ የሚሰማው ቃል የሁለቱም ነውና።

ዜናው ከሐዋሳ አልፎ በዓለም ተሰማ። በ2008 ሲ ኤን ኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን በየዓመቱ ከሚመርጣቸው አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ አቶ ዮሐንስን መረጣቸው። ወይዘሮ ጄን ከርትዝም በበኩላቸው፥ ከሠዓልያንና ከጸሐፊዎች ጋር ሆነው በኢትዮጵያ ቋንቋዎችና በእንግሊዝኛ ተጣምረው የሚታተሙ አጫጭር የልጆች መጻሕፍትን ማዘጋጀት ቀጠሉ። አቶ ዮሐንስ ከሐዋሳው ሥራ ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሰሜን ሄደው፥ በመቀሌ ሰገነት የተባለ የሕፃናትና የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ።