የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት፦ ቀናቱ እንዴት ይቆጠራሉ?

የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቆረጥ የሚያርፍበት ጊዜ ነው። አለቃ ደስ ሲለው የሚሰጠው ችሮታ ሳይሆን በአገልግሎት የሚገኝ መብት ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ስንት ቀን እንዳለው የሚያውቀው ቅጽ ሊሞላ የሰው ሀብት ክፍል ሲሄድ ነው።

በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከአዋጅ ቁጥር 515/1999 ወደ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የተሻገረው ስሌት ቀላል ነው። አንድ ዓመት ያገለገለ 20 የሥራ ቀን ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 1 ቀን ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 30 ነው። ስለዚህ 6 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ 25 ቀን አላት፤ 11 ዓመት የሞላው 30 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይጨምርም። አዲስ ተቀጣሪ 11 ወር ሳያገለግል ዕረፍት አይወጣም። በሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሰጠ አገልግሎትም ስለሚታሰብ፣ ተዛውራችሁ ከመጣችሁ የቀድሞው ማስረጃ ማኅደራችሁ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። የክልል ሠራተኞች በየክልላቸው ሕግ ይተዳደራሉ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ 1 ቀን የሚጨመርለትም በየ2 ዓመቱ ነው።

«የሥራ ቀን» የሚለውን ቃል አትለፉት። ቅዳሜ የማይሠራበት መሥሪያ ቤት ከሆነ 20 የሥራ ቀን 4 ሳምንት ነው፤ 30 ቀን 6 ሳምንት ይሆናል። በመካከል ዒድ ወይም ሌላ የሕዝብ በዓል ቢውል ከዕረፍታችሁ አይቀነስም።

ለሐጅ የሚዘጋጅ ሠራተኛ ላይ ይህ ሒሳብ ይከብዳል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የዕረፍት ፕሮግራምም በዚያው ዓመት ውስጥ ይወጣል። አረፋ በ2017 የዋለው ግንቦት 29 ነበር፤ በየዓመቱም ወደ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ይቀድማል። ይህ ወቅት በጀት የሚዘጋበት፣ አለቆች «አሁን አይሆንም» የሚሉበት ነው። ቀናቱን ጥርና የካቲት ላይ የጨረሰ ሰው ደግሞ ግንቦት ላይ የሚጠይቀው የለውም። ስለዚህ ሐጅ ያሰበ ሰው ፕሮግራም ሲወጣ፣ ገና ሐምሌ ላይ፣ በጽሑፍ ያስመዝግብ። መምህራን የሚያርፉት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለሆነ (እኔም ኖሬበታለሁ) ለግንቦት ሐጅ ቀድመው ከርዕሰ መምህሩ ጋር መነጋገር አለባቸው።

ሥራ አስገድዶ ዕረፍቱ ከተላለፈ ማስተላለፉ ከሁለት የበጀት ዓመት አይበልጥም። በቃል «ለከርሞ ትወጣለህ» ከተባላችሁ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ያለ ደብዳቤ ቀኑ መተላለፉን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ዕረፍት የሚሰጠው ለማረፍ ስለሆነ በሥራ ላይ እያሉ በገንዘብ መለወጥ በመርህ ደረጃ አይፈቀድም። ዕረፍት የሚወጣ ሠራተኛ የእረፍቱን ጊዜ ደመወዝ በቅድሚያ መጠየቅ ይችላል። የወሊድ ፈቃድ ራሱን የቻለ ነው፤ ከዓመት ዕረፍት አይነሳም።

በ2017 አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ወጥቶ 1064ን ስለተካ፣ ማመልከቻ ላይ አንቀጽ የምትጠቅሱ ከሆነ የአዲሱን አዋጅ ቅጂ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቃችሁ ከእሱ ጥቀሱ።